የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረዋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ የጭነት ደረሰኝ መሰብሰብና መዝገብ ላይ መገልበጥ ነበር። ቁጥር ሲሳሳት ዓይኔ ቶሎ ይይዘዋል።

ጋዜጣችሁ እኛ ሰፈር አንድ ቤት ገብቶ አይቀርም። መጀመሪያ እኔ አነበዋለሁ። ከዚያ ግድግዳ ለሚያዋስኑኝ ጎረቤቶቼ ይሄዳል። ከእነሱ ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ስትሳሳቱ፣ ስህተቱ ሦስት ቤት ይዞራል።

ባለፈው ሳምንት በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በሣጥን ውስጥ፣ ስለ አንድ ትልቅ ቁጥር ጽፋችኋል። ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ምንም አያካፍለውም ብላችኋል። ብዙ የኮምፒውተር ቆጣሪዎችም ከዚህ ቁጥር በላይ መቁጠር እንደማይችሉ ገልጻችኋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ስላወጣችሁትም አመሰግናለሁ። ያተማችሁት ቁጥር ግን 2,147,483,674 ነው። ይህ በ4 ያልቃል። በ4 የሚያልቅ ቁጥር ሁሉ ደግሞ ለሁለት ይገመሳል። ለሁለት ሲገመስ 1,073,741,837 ይደርሳል፤ ቀሪ የለውም።

ትክክለኛው ቁጥር 2,147,483,647 ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት 4 እና 7 ቦታ ተቀያይረዋል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ጽሑፉን አንብቤ አልፌው ነበር። ያየችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። 9ኛ ክፍል ነች። ፀሐይዋ በረድ ስትል ጋዜጣውን ይዛ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር በ4 አይደል እንዴ የሚያልቀው?» አለችኝ።

«አዎ፣ በ4 ነው።»

«ታዲያ ተጋማሽ ነዋ! እንዴት ብቸኛ ቁጥር ይሆናል?»

ለካ ቤት ውስጥ ተናግራ ተቆጥተዋታል። ታላቅ ወንድሟ «ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ተጣርቶ ነው የሚወጣው፣ አንቺ ከጋዜጠኛ ልትበልጪ ነው?» ብሏታል። እናቷም ዝም በይ ብለዋታል። ልጅቷ ግን ትክክል ነበረች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለዚህ ነው። አንዲት ልጅ ራሷ አስባ ያገኘችውን እውነት፣ የታተመ ወረቀት አፏን አስይዟታል። እሷ እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ወንድሟም እንዲያነብ እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ የትኞቹ አኃዞች እንደተቀያየሩ እንዴት እንደማውቅ ልንገራችሁ። ይህ የሥራዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የወሩ ሒሳብ አልገጥም አለኝ። ልዩነቱ 63 ብር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ ፈለግሁ። የደረሰኙ ክምር እስከ ክርኔ ይደርሳል፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ከክንዴ ጋር ያጣብቀዋል። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ሒሳብን ከፈረንሳዮቹ ጋር ሠርተው የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ።

«ስንት ነው የጎደለህ?» አሉኝ።

«63 ብር።»

«በ9 አካፍለው።»

«7።»

«አኃዝ ገልብጠህ ጽፈሃል። አሁን ሁሉንም ደረሰኝ አትይ። ጎን ለጎን ሆነው በ7 የሚበላለጡ አኃዞችን ብቻ ፈልግ። 1 እና 8፣ 2 እና 9፣ 0 እና 7።»

ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ደረሰኙ 1,818 ይላል፤ እኔ መዝገቡ ላይ 1,881 ብዬ ጽፌያለሁ። የራሴ እጅ ነው ያጠፋው። አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ፣ የሚመጣው ልዩነት ሁልጊዜ በ9 ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ የአንድና የአሥር ቤቶች ከሆኑ ደግሞ፣ ለ9 ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻ ሁለቱ አኃዞች በስንት እንደሚበላለጡ ይናገራል።

የእናንተንም እንደዚያው አየሁት። 2,147,483,674 ሲቀነስ 2,147,483,647 ልዩነቱ 27 ነው። 27 ለ9 ሲካፈል 3። 7 ከ4 የሚበልጠው በ3 ነው። አለቀ። ፊደል የለቀመው ሰው እጁ ቀድሞት ነው እንጂ ቁጥሩን ከሌላ አላመጣውም።

ፈረንሳዮቹ «ፕሩቭ ፓር ኔፍ» የሚሉትን የዘጠኝ ፈተና ብዙ የድሮ ሰው ያውቀዋል። የቁጥሩን አኃዞች መደመር፣ የመጣውን ደግሞ መደመር፣ አንድ አኃዝ እስኪቀር። ይህ ፈተና ግን እዚህ ላይ አይሠራም። አኃዞቹ ያው ናቸውና ድምራቸውም ያው ነው። የትክክለኛውም የስህተቱም ድምር 46 ነው፤ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። ሁለቱም ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን ወደ አሥራ አንድ ፈተና እንሄዳለን። ከቀኝ ተጀምሮ አንዱ ይደመራል፣ ቀጣዩ ይቀነሳል። በትክክለኛው 7−4+6−3+8−4+7−4+1−2 ሲሠራ 12 ይመጣል፤ ከ11 ሲያልፍ 1 ይቀራል። በእናንተው 4−7+6−3+8−4+7−4+1−2 ሲሠራ 6 ይቀራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ይያዛል። አንድ ትልቅ ቁጥር ከማተማችሁ በፊት ከዋናው ጋር በዚህ ፈተና ብታስተያዩት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ልጅቷ ግን በዚህ አልረካችም። «ትክክለኛው እሱ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጋሼ በቃሎት ስለያዙት ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። በቃል ይዞ መናገርማ ጋዜጣውን አምኖ እንደመቀበል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከሥሩ ልንሠራው ተቀመጥን።

የባቢሌ ለውዝ ነበረኝ። ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። መጀመሪያ 1 ፍሬ። ከሥሩ እጥፉን፣ 2። ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16። ስምንተኛው መስመር 128 ፍሬ ፈለገ፤ ምንጣፉም ለውዙም አለቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ልጅቷ አንድ ነገር አይታ ነበር። «ከላይ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ፣ ከሚቀጥለው መስመር ሁልጊዜ በ1 ያንሳሉ» አለች። እውነት ነው። 1+2+4 ሰባት ነው፤ ቀጣዩ 8። 1+2+4+8 አሥራ አምስት ነው፤ ቀጣዩ 16። ይህን እኔ አልነገርኳትም። ጎንበስ ብላ ለውዝ ስትቆጥር ነው ያገኘችው።

ከዚያ ወደ ወረቀት ዞርን። 11ኛው መስመር 1,024 ሆነ። 21ኛው 1,048,576። 31ኛው 1,073,741,824። እነዚህ 31 መስመሮች ሲደመሩ፣ በእሷው ሕግ፣ ከቀጣዩ መስመር በ1 ያነሰ ይሆናል። ቀጣዩ 2,147,483,648 ነው። አንዱ ሲነሣለት 2,147,483,647። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ሳቀች። ቁጥሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሷ ሆነ።

ማጠፍ ለእኔ አዲስ አይደለም። አባቴ ቡና ይነግዱ ነበር፤ የማባዣ ሠንጠረዥ ግን አያውቁም። 13 ጆንያ በ24 ብር ሲሸጡ 13ን እየገመሱ 24ን ያጥፉ ነበር። 13፣ 6፣ 3፣ 1 ብለው በአንድ በኩል፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ብለው በሌላ በኩል። ሲገመስ የሚተርፈውን ይተዉታል። በግራ በኩል ተጋማሽ ያለበትን መስመር ይሰርዛሉ፤ እዚህ ላይ 6 ያለበትን። የቀረውን ይደምራሉ። 24+96+192 ሲደመር 312። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ይህ ዘዴ «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» እየተባለ ይጠራል። ኮምፒውተርም ውስጡ ያለው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን ግን የአባቶቻችንን አቆጣጠር የመሃይም ሥራ አድርገን ነበር የምናየው። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ብቸኛ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ይህን ጽሑፋችሁ አልነካውም። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ 1 መቀነስ ብቸኛ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ይሰጣል። 3፣ 7፣ 31፣ 127 እንዲህ የመጡ ናቸው። ሁልጊዜ ግን አይሰጥም። 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2,047 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። እ.ኤ.አ. በ1644 ማርን መርሰን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ የትኞቹ ብቸኛ እንደሆኑ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ የሚናገረው ስንት ሁለቶች እንደሚባዙ ነው። 31፣ ማለትም የእኛው ቁጥር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ በዚያም ልክ ነበር። በሌሎች ግን ተሳስቷል። 67ን አስገብቶ 61ን ዘልሏል፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማካፈል ነበረበት።

ያ ሰው ስዊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በዚያን ጊዜ በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር። ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ሥራውን የሚሠራው በአእምሮው እያሰላ ለሌሎች በማጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለበርኑሊ በላከው ደብዳቤ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። በደብዳቤ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል።

እንዴት ሠራው? በጭፍን ማካፈል ቢጀመር ሥራው ብዙ ነው። 46,340 በራሱ ሲባዛ 2,147,395,600 ይሆናል። 46,341 በራሱ ሲባዛ ግን ከቁጥራችን ያልፋል። ስለዚህ እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። እነሱ ደግሞ ከ4,000 በላይ ናቸው። ኦይለር ግን አስቀድሞ አሰበ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ለ248 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 63 መሆን እንዳለበት አረጋገጠ። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ሳይሞከር ይወድቃል። የሚቀሩት ከ372 አይበልጡም።

372! ከ4,000 በላይ የነበረው ሥራ በአንድ ሐሳብ ወደ 372 ወረደ። አለቃዬ ያን ሁሉ ደረሰኝ ትተህ በ7 የሚበላለጡትን ብቻ ፈልግ ሲሉኝ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልጅቷንም እንዲህ ነገርኳት።

እኛም ሞከርን። ከ372ቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው 249 ነው፤ እሱ በ3 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም፤ ተዘለለ። ቀጥሎ 311። እሱ ብቸኛ ነው። ልጅቷ በእጇ አካፈለች። ድርሻው 6,905,092፣ ቀሪው 35። አልተካፈለም። ከዚያ እስከ 1,303 ድረስ ያሉት ሁሉ ሌላ አካፋይ አላቸው፤ ዘለልናቸው። 1,303 ራሱ ድርሻው 1,648,107፣ ቀሪው 226። ቀጥሎ 1,489፤ ድርሻው 1,442,232፣ ቀሪው 199። አልተካፈለም። በሦስተኛው ላይ መሸ፤ እናቷ ጠሯት። ሦስት ማካፈል አንድ ምሽት ፈጀብን። ያ ሰው ዓይኑ ሳያይ ሁሉንም ጨረሰው።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ወልዷል። የጥንት ሰዎች ፍጹም ቁጥር የሚሉት አለ። አካፋዮቹ፣ ራሱን ሳይጨምር፣ ሲደመሩ መልሰው ራሱን የሚሰጡ። 6 እንዲህ ነው፤ 1+2+3። 28ም እንዲህ ነው፤ 1+2+4+7+14። በባሕረ ሐሳባችን ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ስለሆነ ይህ ቁጥር ለእኔ የቤት ሰው ያህል ነው። ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ ብቸኛ ቁጥር በዚያ መነኩሴ ስም የመርሰን ይባላል። እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ያስገኛል፤ የመስመሮቹ ድምር በመጨረሻው መስመር ሲባዛ ማለት ነው። 7 በ4 ሲባዛ 28 ይሰጣል። የእኛው ቁጥር በ1,073,741,824 ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1811 ፒተር ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ ይህ ፍጹም ቁጥር ከሚገኙት ሁሉ የመጨረሻው ትልቅ ሆኖ ይቀራል ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚያስደንቁ ብቻ እንጂ የማይጠቅሙ ስለሆኑ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው አይኖርም አለ። ዛሬ የታወቁት የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች 52 ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው ትልቁ ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዞች አሉት።

አይጠቅምም ላለው ደግሞ መልሱ ኪሳችን ውስጥ ነው። ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንድን ቁጥር የሚያስቀምጡት 32 ቦታ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቦታ እንደ አምፖል ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንደኛው ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ይለያል። የሚቀሩት 31 ናቸው። 31ዱም ሲበሩ የሚነበበው ያ የለውዛችን ድምር ነው፣ 2,147,483,647። ከዚያ አንድ ቢጨመር ቦታ የለም። ቆጣሪው ተገልብጦ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አንድ የደቡብ ኮሪያ ዘፋኝ ቪዲዮ ተመልካቹ ከዚህ ቁጥር አልፏል፤ ዩቲዩብም ቆጣሪውን ወደ 64 ቦታ ማሳደጉን አስታውቋል።

የሚያሳስበኝ ግን የቪዲዮ ቆጣሪ አይደለም። ሰዓት ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰከንዱ 2,147,483,647 ሲሞላ 24,855 ቀን፣ 3 ሰዓት፣ 14 ደቂቃና 7 ሰከንድ ይሆናል። ይህን ከልጅቷ ጋር ወደ እኛ ቀን መለስነው። ቀኗን ያገኘችው እሷ ናት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ጥር 11 ነው! ጥምቀታችሁ ነው!»

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው ጎሕ ሲቀድ። እስልምና ቤት ያደገች ልጅ ጥምቀቴን ከእኔ ቀድማ አየችው። ድሬ እንዲህ ናት፤ የአንዱን በዓል ሌላው ያውቀዋል።

በማግሥቱ ታይዋን ገበያ አጠገብ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ አብረን ሄድን። ጎበዝ ልጅ ነው። ነገሩን ነገርነው። ጥግ ላይ ከተቀመጡት አሮጌዎች አንዱን አወጣ። አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ሰዓቱን ወደዚያ ቀን፣ ልክ አሥር ሰከንድ ሲቀረው አድርጎ አስተካከለና ለቀቀው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀን ዘለለ። ዲሴምበር 13፣ 1901 አለ። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ሰዓት ያህል የቀረው ነበር። ልጁ «አቦ!» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

እኔ ቀኑን ወደ እኛ መለስኩት። ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.። ዝም ብዬ ቆምኩ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋም ያኔ «አዲስ ሐረር» ተብላ የተቆረቆረችው በሐዲዱ ምክንያት ነው። ያ ማሽን በአንዲት ሰከንድ ድሬዳዋ ወደሌለችበት ዘመን ሄዷል። ሐረር ጀጎሏን ለብሳ አለች። እዚህ ግን ለገሃር የለም፣ ከዚራ የለም፣ ዕድሜ ልኬን ደረሰኝ የገለበጥኩበት ሕንጻ የለም።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ሰከንዱን በ64 ቦታ ስለሚቆጥሩ ይህ አይገጥማቸውም። ጠጋኙም የራሱን ስልክ አሳየን፤ አለፈው። አሮጌዎቹ ግን ብዙ ናቸው። በየሱቁ ሒሳብ የሚይዙ፣ በየፋብሪካው ማሽን ውስጥ የተቀበሩ፣ ማንም ከፍቶ የማያያቸው አሉ። እንደ ድሬዳዋ ባለ የንግድና የፋብሪካ ከተማ ደግሞ አሮጌ ዕቃ ቶሎ አይጣልም፤ ይጠገናል። ጋዜጣችሁ ስለዚህ ቀን ባለሙያ አነጋግሮ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ቢያወጣ ብዙ ሰው ይጠቅማል። ስታወጡ ግን ቁጥሩን አስተካክላችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የሰው ስም ስትሳሳቱ በሚቀጥለው እትም ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ለዚህም ቁጥር እንደዚያው አድርጉለት። ማረሚያው በዚያው በመጨረሻው ገጽ፣ በዚያው ሣጥን ውስጥ ይውጣ። ስህተቱን ያገኘችው የድሬዳዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ መሆኗንም ጨምሩበት። ስሟን አልጻፍኩም፤ ወላጆቿን ሳላስፈቅድ አይሆንም። እሷ ግን ታውቀዋለች። የሚቀጥለው እትም ሲመጣ እኔ ሳላነበው በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት እንዲሄድ ለአዟሪው ነግሬዋለሁ።

ፊደል ለሚለቅመው ሰው እንዲመቸው ቁጥሩን ለብቻው፣ ሦስት ሦስት እያደረግሁ እጽፈዋለሁ፦

2,147,483,647

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የምድር ባቡር ሒሳብ ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ